አል-ኪንዲ፤ ሽቶን በሚዛን የለኩት ዓሊም



የጁምዓ ዕለት ታጥባችሁ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳችሁ፣ ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ጥቂት ሽቶ ተቀብታችሁ ወደ መስጊድ ስትመጡ አንድ ነገር አስተውላችሁ ታውቁ ይሆን? ከአንድ ነጋዴ ገዝተው፣ ከአንድ ብልቃጥ የተቀቡ ሦስት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ሰፍ ይዘው ቢቆሙ ሽታቸው አንድ አይሆንም። በአንደኛው ላይ ዑዱ ይከብዳል፣ ጭስ ጭስ ይላል። በሌላው ላይ ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል። በሦስተኛው ላይ ደግሞ ኹጥባው ሳያልቅ ጠፍቶ ይገኛል። ነጋዴው ግን ለሦስቱም የሸጠው ያንኑ ነው።

ለመሆኑ ይህ ለምን ይሆናል? ሽቶው አንድ ሆኖ ሳለ ገላው ለምን ይለውጠዋል? ስለ ሽቶ በመስጊድ መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሽቶን ይወዱ እንደነበር፣ ሽቶ ሲሰጣቸውም እንደማይመልሱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እርሳቸው የወደዱትን ነገር የኋላ ዘመን የሙስሊም ሊቃውንት እንደ ተራ ነገር አላዩትም፤ መዘኑት፣ አነጠሩት፣ መጽሐፍም ጻፉበት። ከእነዚህም ሊቃውንት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚጠራው፣ ከ1,100 ዓመታት በፊት በባግዳድ የኖሩት አቡ ዩሱፍ ያዕቁብ ኢብን ኢስሐቅ አል-ኪንዲ ናቸው። እነሆ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ባጭሩ እናቀርብላችኋለን።

ትውልድና አስተዳደግ

አል-ኪንዲ የተወለዱት በ185 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. በ801) ገደማ በኢራቅ ምድር በኩፋ ከተማ ነው። ወገናቸው ኪንዳ የሚባለው የዐረብ ጎሣ ሲሆን፣ ከኢስላም በፊት በዐረብ ምድር ነገሥታት የወጡበት ነው። ከአያቶቻቸው አንዱ አል-አሽዐስ ኢብን ቀይስ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመጨረሻ ዘመን ከኪንዳ ልዑካን ጋር መዲና መጥተው የሰለሙ ናቸው። አባታቸው ኢስሐቅ በኸሊፋ አል-መህዲና በኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የኩፋ አሚር ነበሩ።

እንግዲህ አስቡት! የንጉሥ ዘር፣ የአሚር ልጅ ናቸው። ቢፈልጉ ኖሮ በአባታቸው ስም ብቻ ሹመት ይዘው፣ በድሎት ተቀምጠው መኖር ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን የመረጡት ብዕርና ወረቀትን ነው። ትምህርታቸውን በበስራ ከዚያም በባግዳድ ተከታተሉ። ባግዳድ በኸሊፋ አል-መንሱር እ.ኤ.አ. በ762 የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ በአል-ኪንዲ የወጣትነት ዘመን ከሕንድ፣ ከቻይና፣ ከፋርስ፣ ከየመንና ከአፍሪካ ዳርቻ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የሚራገፍባት ገበያ ነበረች። ከቲቤትና ከቻይና ሚስክ፣ ከባሕር ዳርቻ ዓንበር፣ ከሕንድ ሰንደልና ዑድ፣ ከሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች ካፉር፣ ከፋርስ ደግሞ ዘዕፈራንና የጁር ከተማ ጽጌረዳ ውኃ ይገባባት ነበር።

በዕውቀት ጉዞ ላይ

ኸሊፋ አል-መእሙን (እ.ኤ.አ. 813 – 833) የግሪክ፣ የሕንድና የፋርስ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ እንዲመለሱ ትልቅ ድጋፍ ያደርጉ እንደነበር በታሪክ ይታወቃል። አል-ኪንዲ በዚህ ሥራ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ተርጓሚዎችን አሰባስበው ያሠሩ፣ የተተረጎመውንም ያርሙ ነበር። ኡስጣስ የተባለው ተርጓሚ የአርስጣጣሊስን ትልቅ መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ የመለሰው ለእርሳቸው ነው። ከአል-መእሙን በኋላ የመጡት ኸሊፋ አል-ሙዕተሲም (እ.ኤ.አ. 833 – 842) ልጃቸውን አሕመድን እንዲያስተምሩላቸው አደራ የሰጡት ለአል-ኪንዲ ነበር።

በዚያ ዘመን ከባዕድ የመጣ ዕውቀት አያስፈልገንም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። የአል-ኪንዲ አቋም ግን እውነት ከሩቅ ሕዝብም ይምጣ ከቅርብ፣ እውነት እስከሆነ ድረስ መቀበል አያሳፍርም የሚል ነበር። ይህ ማለት ግን ያገኙትን ሁሉ ዝም ብለው ዋጡ ማለት አይደለም። አርስጣጣሊስ ዓለም መጀመሪያ የላትም ሲል አል-ኪንዲ አልተቀበሉትም፤ ዓለም በአላህ የተፈጠረች፣ መነሻም ያላት መሆኗን በማስረጃ ተከራክረው ጻፉ። ለኸሊፋ አል-ሙዕተሲም ያበረከቱት ትልቁ የፍልስፍና መጽሐፋቸውም የሚደመደመው በአላህ አንድነት ላይ ነው። የዐረቦቹ ፈላስፋ የሚል ስምም ተሰጥቷቸዋል።

የጻፏቸው ሥራዎች ብዛት ያስደንቃል። ኢብኑ ነዲም የተባለው የባግዳድ መጻሕፍት ሻጭ ከ100 ዓመት በኋላ ባዘጋጀው መዝገብ ውስጥ የአል-ኪንዲን ከ200 በላይ ሥራዎች በስም ዘርዝሯል። ስለ ሕንድ ቁጥሮች፣ ስለ ብርሃንና ዓይን፣ ስለ ባሕር ሞገድ፣ ስለ ሰይፍ አሠራር፣ ስለ ሕክምና፣ የምሥጢር ጽሑፍም እንዴት እንደሚፈታ ጽፈዋል። አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ከተረፉት መካከል አንዱ ዛሬ የምንነጋገርበት የሽቶ መጽሐፍ ነው።

የሽቶው መጽሐፍ

የመጽሐፉ ስም በዐረብኛ «ኪታብ ኪሚያእ አል-ዒጥር ወት-ተስዒዳት» ይባላል፤ የሽቶ ቅመማና የማንጠር ሥራ መጽሐፍ ማለት ነው። የእጅ ጽሑፉ በኢስታንቡል ተጠብቆ የቆየ ሲሆን፣ ካርል ጋርበርስ የተባሉ ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 በላይፕሲሽ ከተማ ከጀርመንኛ ትርጉም ጋር አሳትመውታል። በውስጡ 107 የአሠራር ዘዴዎች ይገኛሉ። የሽቶ ዘይቶች፣ የሚነጠሩ ውኃዎች፣ ሚስክና ዓንበር የገቡባቸው ቅልቅሎች፣ ውድ የሆኑትንም ነገሮች በርካሽ የሚተኩ ዘዴዎች ተጽፈዋል።

ከሁሉ የበለጠ ክብር የነበረው ሽቶ «ጋሊያ» ይባል ነበር። ትርጉሙ ውድ ማለት ነው። ሚስክና ዓንበር በባን ዘይት ተዋሕደው የሚሠራ ነው። የባን ዘይት የሚጨመቀው እኛ በሀገራችን ደቡብ ሽፈራው ብለን የምናውቀው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ፍሬ ነው። ይህ ዘይት የራሱ ሽታ እምብዛም ስለሌለው፣ ቶሎም ስለማይበላሽ፣ የሌላውን ሽታ ተሸክሞ ይኖራል። የጋሊያን አሠራር ያስተላለፈው ሰው ዘዴውን ከራሳቸው ከአል-ኪንዲ እንደተቀበለ፣ ሲቀምሙትም በዓይኑ እንዳየ፣ በፊቱም አንድ ነገር እንደጨመሩበት መስክሯል። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። የአሚር ልጅ፣ የልዑል መምህር የሆኑት ሰው እጃቸውን በሚስክና በዘይት እያራሱ፣ ተማሪ አጠገባቸው አስቀምጠው ይሠሩ ነበር ማለት ነው። ዕውቀት በእጅ እንደሚማሩት ሁሉ በእጅ ይፈተናል።

የማንጠሩም ሥራ እንዲሁ ነው። ጽጌረዳው በውኃ ውስጥ ሆኖ በዝግታ ይሞቃል፤ እንፋሎቱ በቀጭን አፍ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታውም የአበባውን ነፍስ ይዞ ይወርዳል። እሳቱ ከበዛ ያሳርረዋል፣ ከአነሰም ምንም አይወጣም። ስለዚህ ሥራው ሚዛንና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሽቶና ገላ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አል-ኪንዲ ስለ መድኃኒቶች ኃይል በጻፉት ሌላ መጽሐፍ ውስጥ የአንድን ቅልቅል ሙቀትና ቅዝቃዜ በቁጥር ለመለካት ሞክረዋል። በአንደኛው ደረጃ ሙቀቱ ከቅዝቃዜው 2 እጥፍ፣ በሁለተኛው 4 እጥፍ፣ በሦስተኛው 8 እጥፍ፣ በአራተኛው 16 እጥፍ እንደሚሆን አስልተዋል። ይህ መጽሐፍ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲያነጋግር ኖሯል። የዚያ ዘመን ሐኪሞች የሰው ገላ የየራሱ ጠባይ አለው፣ አንዱ ሞቃት አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ደረቅ አንዱ እርጥብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የዛሬው ሳይንስ ያንን የጠባይ ክፍፍል ባይቀበለውም፣ ገላ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ግን ያረጋግጣል።

ሽቶ ማለት ወደ አየር የሚበሩ ብዙ ጥቃቅን ነገሮች ስብስብ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይበሩም። እንደ ሎሚና ብርቱካን ልጣጭ ያሉት ቀላሎች በመሆናቸው በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳሉ። ከዚያ የአበቦቹ ሽታ ተከትሎ ለሰዓታት ይቆያል። ሚስክ፣ ዓንበር፣ ዑድና ሰንደል ግን ከባዶች ስለሆኑ ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ በማግሥቱ ልብስ ላይ የምታገኙት የእነርሱን ነው። እንግዲህ ጠዋት የተቀባችሁትና ማታ የምታሸቱት አንድ ሽቶ ቢሆንም፣ ፊት ለፊት የቆመው ግን ሌላ ነው።

በዚህ ላይ ገላ ይጨመራል። ሙቀት ያለው ገላ ሽቶውን ቶሎ ያበርረዋል። የደም ሥር በሚመታበት በእጅ አንጓና በአንገት ላይ ሲቀቡት ይበልጥ የሚታወቀውም ለዚህ ነው። ወዛም ገላ ሽቶውን ይዞ ያቆየዋል፤ ደረቅ ገላ ግን ቶሎ ይለቀዋል። ስለዚህ ገላችሁ የሚደርቅ ከሆነ አስቀድማችሁ ሽታ የሌለው ቅባት ብትቀቡ ሽቶው ይቆይላችኋል። ላብም አለ። ትኩስ ላብ ራሱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሽታውን የሚያወጡት በቆዳችን ላይ የሚኖሩ፣ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ናቸው። እነዚህም ከሰው ሰው ይለያያሉ። የምንበላውም ይገባበታል፤ ነጭ ሽንኩርት የበላ ወይም አብሽ የጠጣ ሰው ላቡ እንደሚመሰክርበት እናቶቻችን ያውቃሉ። ሽቶው ከዚህ ሁሉ ጋር ተደባልቆ ነው ወደ ጎረቤታችን አፍንጫ የሚደርሰው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የላቀው ታሪክ የኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤቷ ቀን ጋደም ብለው ሲያልባቸው ላባቸውን በብልቃጥ እየሰበሰበች ከሽቶዋ ጋር ትቀላቅለው እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሰው ሁሉ ሽቶን የሚፈልገው ላቡን ለመሸፈን ነው፤ እርሷ ግን ሽቶዋን ያሳመረችው በላባቸው ነበር።

ከሀገራችንም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በጅማ፣ በሊሙ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ጥርኝ አርብተው ዝባድ የሚያወጡ ገበሬዎች አሉ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱት ነው። ዝባዱን በየዘጠኝና በየዐሥር ቀኑ ገደማ ከእንስሳው ላይ በማንኪያ ጠርገው በቀንድ ያጠራቅሙታል። ከሐበሻ ምድር ለዘመናት ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ የኖረ ነው። ዝባድን በቀንዱ ሳለ ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል፣ ይከረፋልና። በብዙ ዘይት ውስጥ ጥቂት ብቻ ሲገባና ገላ ላይ ሲውል ግን ይጣፍጣል፣ የሌሎቹንም ሽታ ይዞ ያቆያል። ልክ ማለት ይህ ነው። ጥቂቱ ያሳምራል፣ ብዙው ያስሸሻል።

ይህ ነገር በመስጊድም ይሠራል። አፍንጫችን የለመደውን ሽታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መስማት ያቆማል። የተቀባው ሰው ጠፋብኝ ብሎ ይደግማል፣ ይሠልሳል፤ ጎኑ የቆመው ግን ራሱን ይታመማል። አስም ያለባቸው ወንድሞችና እህቶችም እንዳሉ አትርሱ። እናንተ ባትሰሙትም ሰፉ ይሰማዋል።

ሐሰተኛው ሚስክ

አል-ኪንዲ በዘመናቸው ወርቅ እንሠራለን የሚሉ ሰዎችን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ተፈጥሮ ብቻ የምትሠራውን ሰው ሊሠራው አይችልም፣ ይህን የሚሉም አታላዮች ናቸው ብለው የጻፉ ሲሆን፣ ከሞታቸው በኋላ ታዋቂው ሐኪም አር-ራዚ በዚህ ጉዳይ መልስ ጽፎባቸዋል። ታዲያ ወርቅ ማስመሰልን የተቃወሙ ሰው ሚስክና ዓንበር የሚመስል ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለምን ጻፉ?

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። እኛ እንደሚመስለን ልዩነቱ በስሙ ላይ ነው። በርካሽ ዕቃ ጥሩ ሽታ ሠርቶ፣ ይህ ሚስክን የሚመስል ነው ብሎ በዋጋው መሸጥ ለድኻው ጥቅም ነው። ያንኑ ሠርቶ የቲቤት ሚስክ ነው ብሎ በቲቤት ዋጋ መሸጥ ግን ስርቆት ነው። የአንድ ዘዴ ሁለት አጠቃቀም ማለት ነው። እንዴት እንደሚመሳሰል የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሲያታልሉት ይነቃል። በኋላ ዘመን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ አሽ-ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች በጻፉት መመሪያ ውስጥ የሽቶ ነጋዴዎችን ማጭበርበር ለብቻው በምዕራፍ ማስቀመጣቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል።

ዛሬም ጉዳዩ አላለቀም። አልበርት ባወር የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1888 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሚስክ ካገኘ ወዲህ፣ በገበያ ሚስክ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የፋብሪካ ውጤት ነው። ሚስክ የሚገኝበት አጋዘንም በመመናመኑ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተገድቧል። በፋብሪካ መሠራቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። እናንት የምትሸጡ ወንድሞች፣ ያለውን ንገሩ። እናንት የምትገዙም፣ ከክዳኑ አሽትታችሁ ብቻ ገንዘባችሁን አታውጡ። ከዙህር በኋላ በእጃችሁ አንጓ ላይ ጥቂት አስነክታችሁ፣ እስከ ዐስር ጠብቁ። ያኔ የቀረላችሁ ሽታ ነው የገዛችሁት። የክዳኑ ሽታ የነጋዴው ነው፤ የዐስሩ ሽታ የእናንተ ነው።

የተወረሰው መጽሐፍ ቤት

አል-ኪንዲ የደረሰባቸውን ፈተና ሳንነግራችሁ አናልፍም። ኸሊፋ አል-ሙተወኪል (እ.ኤ.አ. 847 – 861) ሥልጣን ከያዙ በኋላ የነገሩ አየር ተለወጠ። በቤተ መንግሥቱ ሙሐመድና አሕመድ የተባሉ፣ የሙሳ ልጆች የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። እነርሱም በሒሳብና በእጅ ጥበብ የታወቁ ሊቃውንት ናቸው። ነገር ግን በዕውቀት ስሙ የተነሣን ሰው ሁሉ ከኸሊፋው ዘንድ የማራቅ አመል ነበራቸው። በአል-ኪንዲም ላይ ነገር ሠሩ። ኸሊፋው አል-ኪንዲን አስገረፏቸው፤ ወንድማማቾቹም መጻሕፍታቸውን በሙሉ ወስደው በአንድ ቤት ቆለፉባቸው። ያ ቤት አል-ኪንዲያ ተባለ።

አስቡት፤ በዚያ ዘመን መጽሐፍ ሁሉ በእጅ የሚገለበጥ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበውን፣ የጻፈውን ሁሉ በአንድ ቀን አጣ።

ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ የተባሉ የሐኪሞች ታሪክ ጸሐፊ የቀረውን እንዲህ ይተርኩታል። አል-ሙተወኪል አዲስ ከተማ ሲያሠሩ የቦይ ቁፋሮውን ሥራ ለሁለቱ ወንድማማቾች ሰጡ። እነርሱም ለአል-ፈርጋኒ አስተላለፉት። አል-ፈርጋኒ ትልቅ የከዋክብት ሊቅ ቢሆኑም በቦዩ ልኬት ተሳሳቱ፤ የቦዩ አፍ ከቀሪው ይልቅ ጠለቀ፣ ጢግሪስ ካልሞላ በቀር ውኃው አይሄድም። ኸሊፋው ይህን ሲሰሙ ጥፋቱ እውነት ከሆነ ወንድማማቾቹን በቦዩ ዳር እንደሚሰቅሏቸው ዛቱ፤ ሰነድ ኢብን ዐሊ የተባሉትንም መሐንዲስ እንዲመረምሩ አዘዙ።

ወንድማማቾቹ ሰነድ ዘንድ ሄደው አድነን ብለው ለመኑ። ሰነድና አል-ኪንዲ ወዳጆች አልነበሩም፤ በመካከላቸው ጥላቻና መራራቅ ነበር። ሆኖም ሰነድ ለወንድማማቾቹ የሰጡት መልስ፣ ይህን ጥላቻ እነርሱም እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን ሐቅ ከሁሉ እንደሚቀድም፣ የአል-ኪንዲም መጻሕፍት ሳይመለሱ ስለ እነርሱ አንዲት ቃል እንደማይናገሩ ነበር። መጻሕፍቱ ተመለሱ። አንድም ሳይቀር መረከባቸውን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ በአል-ኪንዲ እጅ ተጽፎ ከመጣ በኋላ ሰነድ ወደ ጉዳዩ ገቡ። ወንዙ በዚያ ወቅት ሞልቶ ስለነበር ስሕተቱ ለ4 ወራት ያህል ተሸፍኖ እንደሚቆይ አይተው፣ ለኸሊፋው ጥፋት የለም አሏቸው። ውኃው ሳይጎድል አል-ሙተወኪል በ247 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 861) በገዛ ወታደሮቻቸው ተገደሉ፤ ወንድማማቾቹም ተረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነድ ለኸሊፋው የተናገሩት ልክ ነው አይደለም ብላችሁ ልትከራከሩ ትችላላችሁ፤ ያከራክራልም። ነገር ግን የማይወዱትን ሰው መብት ለማስመለስ የቆሙት መቆም አያከራክርም። ለወዳጅ መቆም ሁሉም ይችላል። ለባላንጣ ሐቅ መቆም ግን የጥቂቶች ነው።

ሐዘንን ማባረር

አል-ኪንዲ ራሳቸውም ከጠላት ጋር የሚኖሩበት መንገድ ነበራቸው። ከበልኽ የመጣ አቡ መዕሸር የተባለ ሰው በባግዳድ ሕዝቡን ያነሣሣባቸው ነበር። እርሳቸው ግን በክስ አልመለሱለትም፤ ሰው ልከው የሒሳብና የጂኦሜትሪ ትምህርት እንዲጣፍጠው አደረጉ። ሰውየው በትምህርቱ ተወስዶ ክፋቱን ተወ።

ከተረፉት ሥራዎቻቸው አንዱ ሐዘንን ስለ ማባረር የጻፉት ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰው የሚያዝነው የሚወደውን ሲያጣ ወይም የሚመኘውን ሳያገኝ ሲቀር ነው፤ በዚህ ዓለም ያለው ሁሉ ደግሞ ከእጅ የሚወጣ ነው፤ የሚጠፋ ነገር እንዳይጠፋ መመኘት የተፈጥሮውን ተቃራኒ መመኘት ነው። ሊወሰድ የማይችለው በአእምሮና በነፍስ የተያዘው ብቻ ነው። ይህን የሚለን መጻሕፍቱ የተወረሱበት ሰው ነው።

እርግጥ ነው፣ አል-ኪንዲ ሰው ነበሩና ከጉድለት የጸዱ አልነበሩም። በከዋክብት ትንበያ ላይ የጻፉትን ዑለማዎቻችን አይቀበሉትም። በዘመናቸው የኖሩት ደራሲ አል-ጃሒዝም ስለ ስስታሞች በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ አል-ኪንዲ የሚባል ቆጣቢ አከራይ አድርገው ቀልደዋል፤ ያ አከራይ እርሳቸው ናቸው አይደሉም በሚለው ላይ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። ሰውን ከነጉድለቱ ማወቅ ክብሩን አይቀንስም።

የመጨረሻ ዘመናቸው

በእርጅናቸው ጉልበታቸውን ያሟቸው ነበር። እንደሚተረከው፣ ለሕመሙ ያረጀ የወይን ጠጅ ይጠጡ ነበር፤ ያስታግስላቸውም ነበር። በኋላ ግን ተውበት አድርገው ተዉት፤ በምትኩ የማር መጠጥ ያዙ። ማሩ እንደ ጠጁ አላስታገሰላቸውም፣ ሕመሙ ጸናባቸው፣ እርሳቸውም ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። በ259 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. በ873) ገደማ በባግዳድ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

ውድ አንባቢያን፣ የሽቶን ነገር ከሰው ሕይወት ጋር ስናስተያየው ይመሳሰላል። መጀመሪያ የሚወጣው ሽታ ደማቅ ነው፤ ግን ቶሎ ይሄዳል። የአል-ኪንዲ የአሚር ልጅነት፣ የቤተ መንግሥት ክብር፣ የልዑል መምህርነት እንደ ሎሚው ልጣጭ በነነ። መጽሐፍ ቤቱ ተወሰደ፣ ተመለሰ፣ ከዚያም በዘመናት ብዛት አብዛኛው ጠፋ። የቀረው ከታች ያለው ከባዱ ነው፤ እውነትን ከየትም ቢመጣ መቀበላቸው፣ ጠላታቸውን በዕውቀት ማሸነፋቸው፣ በመጨረሻም ሕመማቸውን ችለው ከሐራም መራቃቸው።

የሚስክ ሻጩንና የወናፍ ነፊውን ምሳሌ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጥሩ ወዳጅ ባይሰጣችሁ እንኳ ሽታው ይተርፋችኋል። የደጋጎችን ታሪክ ማንበብም እንደዚሁ ነው። ግን ሽቶው በየገላችን የየራሱን መልክ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ታሪኩም በየአንዳንዳችን ላይ የሚያወጣው ሽታ የየራሳችን ነው። ነጋዴው በሚዛኑ፣ መሐንዲሱ በምስክርነቱ፣ ተማሪው በትዕግሥቱ፣ ሕመምተኛው በተውበቱ ይለካበታል።

የፊታችን ጁምዓ ብልቃጣችሁን ስትከፍቱ አል-ኪንዲን አስታውሷቸው፤ ዱዓም አድርጉላቸው። ጠብታዋንም ልክ አድርጓት። አላህ በውጭ እንደምናሳምረው ውስጣችንንም ያሳምርልን። አሚን።